ወረቀቱ ሙሉ፣ በሩ ዝግ፦ «ኒሁል ታኪን» ምን ይለካል?

በእስራኤል አገር አሙታ ያቋቋመ፣ በአሙታ ውስጥ የሠራ ወይም ለአሙታ ገንዘብ የለመነ ሰው ሁሉ «ኢሹር ኒሁል ታኪን» የሚለውን ቃል ሳይሰማ አይቀርም። ወደ አማርኛ ስንመልሰው «የትክክለኛ አስተዳደር ማረጋገጫ» ማለት ነው። ማረጋገጫውን የሚሰጠው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው የአሙታዎች መዝጋቢ፣ ራሻም ሃዓሙቶት፣ ነው። ይህ ወረቀት የሌለው አሙታ የመንግሥት ድጎማ አያገኝም። ለጋሾቹም በገቢ ግብር ሕግ አንቀጽ 46 መሠረት ከሰጡት ገንዘብ 35 በመቶውን ከግብራቸው ላይ እንዲቀነስላቸው ከፈለጉ አሙታው መጀመሪያ ይህን ወረቀት መያዝ አለበት። በአጭሩ ወረቀቱ ለአሙታ የመታወቂያ ደብተርም የምግብ ካርድም ነው።

እኔ እዚህ የማነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ወረቀት የሚለካው ምኑን ነው? አሙታው ሥርዓት ያለው መሆኑን ይለካል፤ ይህ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ነገር ግን አሙታው ለቆመላቸው ሰዎች ያለበትን ግዴታ መወጣቱን አይለካም። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ የመጽሐፍ ጉዳይ አይደለም፤ የኛን ልጆች በር ላይ ያስቀረ ክፍተት ነው። ምሳሌዎቼን ከአንዲት ከተማ ከፔታ ቲክቫ አመጣለሁ። ከተማዋ በ1878 ስትቆረቆር ከነቢዩ ሆሴዕ መጽሐፍ ተወስዶ የተሰጣት ስም «የተስፋ በር» ማለት ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉ ስለ ማን ያወራል?

የአሙታዎች ሕግ የወጣው በ1980 ነው። አነጋገሩ ቀላል ነው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች፣ ሕጋዊ ለሆነና ትርፍ ለመከፋፈል ላልታሰበ ዓላማ ተሰባስበው አሙታ ማቋቋም ይችላሉ። አሙታው ጠቅላላ ጉባኤ አለው፤ ቫዓድ የሚባል የሥራ አመራር ኮሚቴ አለው፤ ቫዓዳት ቢኮሬት የሚባል የቁጥጥር ኮሚቴ አለው። አንድ ሰው በቫዓድም በቁጥጥር ኮሚቴም ባንድ ጊዜ መቀመጥ አይችልም፤ ተቆጣጣሪው ራሱን እንዳይቆጣጠር ነው። የራሱን መተዳደሪያ ደንብ ያላስመዘገበ አሙታ ከሕጉ ጋር በተያያዘው ናሙና ደንብ፣ በታካኖን ማጹይ፣ ይገዛል። በናሙናው መሠረት የጠቅላላ ጉባኤ ጥሪ ለእያንዳንዱ አባል ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መድረስ አለበት። ጉባኤውን ለመክፈት ከአባላቱ ሩቡ መገኘት አለበት፤ ካልተገኘ ስብሰባው ይተላለፋል፤ በተላለፈው ጊዜ ግን የመጡት ምንም ያህል ቢያንሱ መወሰን ይችላሉ።

የሕጉ አንቀጽ 27 የቫዓድ አባል እንዴት መሥራት እንዳለበት ይናገራል፦ ለአሙታው ጥቅም፣ በአሙታው ዓላማ ክልል ውስጥ፣ በደንቡና በጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ መሠረት። አንቀጽ 30 ደግሞ የቁጥጥር ኮሚቴውን ሥራ ይዘረዝራል፤ ሥራዎች በአግባቡ መሠራታቸውን፣ ሒሳቡንና ገንዘቡን መርምሮ ለጉባኤው እንዲያቀርብ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናንብብ። «ለአሙታው ጥቅም» ይላል። አሙታው ማን ነው? አባላቱ ናቸው፣ አካላቱ ናቸው፣ ገንዘቡ ነው። አሙታው የሚያገለግላቸው ሰዎችስ? ሕጻኑ፣ አረጋዊው፣ ምግብ የሚታደለው ቤተሰብ፣ በዚህ አወቃቀር ውስጥ ወንበር የላቸውም። እንበልና አንድ ትምህርት ቤት በአሥር አባላት አሙታ ይተዳደራል፤ ተማሪዎቹ ግን አራት መቶ ናቸው። የአራት መቶው ወላጆች ልጅ ስላስመዘገቡ ብቻ የአሙታው አባል አይሆኑም። ጥሪ አይደርሳቸውም፣ ድምፅ አይሰጡም፣ ፕሮቶኮል አያዩም። በሩ ላይ የቀረው ወላጅ ደግሞ ጭራሽ የለም ማለት ነው።

ከኩባንያ ጋር ብናወዳድረው ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። በኩባንያ ውስጥ ባለአክሲዮን አለ። ገንዘቡ ስለሆነ ዓይኑን አይነቅልም፤ ዳይሬክተሩ ቢያጠፋ ይጮኻል፣ ይከሳል፣ አክሲዮኑን ሸጦ ይወጣል። በአሙታ ውስጥ ግን ገንዘቡን የሚሰጠው፣ ማለትም መንግሥትና ለጋሹ፣ ውጭ ነው ያለው። አገልግሎቱን የሚቀበለውም ውጭ ነው ያለው። ውስጥ ያለው አባል ከኪሱ የሚወጣ ስለሌለ ብዙ አይቆረቁረውም። ስለዚህ ሕጉ የጎደለውን ባለቤት ለመተካት መዝጋቢውን አስቀመጠ። መዝጋቢው በቢሮው ተቀምጦ ሊያይ የሚችለው ደግሞ ወረቀት ነው፦ የሒሳብ ሪፖርት፣ የጽሑፍ ሪፖርት፣ ፕሮቶኮል፣ ከፍተኛ ደመወዝ የሚከፈላቸው አምስት ሰዎች ዝርዝር። የዓመቱ ሪፖርት በሚቀጥለው ዓመት እስከ ጁን 30 መግባት አለበት። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ማንም ሰው ጋይድስታር በተባለው ድረ ገጽ ገብቶ የአሙታዎችን ሰነዶች ማየት ይችላል፤ ይህ እውነተኛ እድገት ነው። ሆኖም ግልጽ የሆነው ወረቀቱ ነው። በሩ ላይ የሆነው ነገር ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ግልጽነቱ አይደርስበትም።

የ2009 በር

በ2007 መጨረሻ ላይ ፔታ ቲክቫ ውስጥ ላሜርሃቭ በሚባል ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት አራት የኢትዮጵያ ቤተሰብ ልጃገረዶች ከሌሎቹ ተለይተው ለብቻቸው እንደሚማሩ፣ የእረፍት ሰዓታቸውም ከሌሎቹ የተለየ እንደሆነ ጋዜጦች ጻፉ። አገር ጮኸ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2009 የበጋ ወራት፣ ነገሩ ሰፍቶ ተመለሰ። የትምህርት ዓመቱ ሊከፈት ሲል ወደ መቶ የሚጠጉ የኛ ልጆች የሚማሩበት ቦታ አልነበራቸውም። ሦስት የግል ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች፣ ላሜርሃቭ፣ ዳዓት ሜቪኒም እና ዳርኬይ ኖዓም፣ ልጆቹን ለመቀበል እምቢ አሉ። የከተማዋ የወላጆች ኮሚቴ አድማ እንደሚመታ ዛተ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁም ፕሬዚዳንት ፔሬስም ድርጊቱን በአደባባይ አወገዙ። በጊዶን ሳዓር የሚመራው የትምህርት ሚኒስቴር በጀት እንደሚቆርጥና ፈቃድ እንደሚነሳ አስጠነቀቀ፤ በትምህርት መክፈቻው ዋዜማም ስምምነት ተደረሰ።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች በዕብራይስጡ «ሙካር ሼኤኖ ሪሽሚ» የሚባሉት ዓይነት ናቸው፤ የታወቁ ነገር ግን የመንግሥት ያልሆኑ። ባለቤቱ የግል አካል ነው፤ ሆኖም ዋናው ወጪ የሚሸፈነው ከመንግሥት ካዝና ነው። ማለትም የእነዚያ የመቶ ልጆች አባትና እናት የሚከፍሉት ግብርም እዚያ ውስጥ አለ።

ሕግ አልነበረም እንዳንል ሕግ ነበረ። በ2000 የወጣው የተማሪ መብት ሕግ በአንቀጽ 5 ተማሪን በመጣበት ወገን ወይም በኑሮ ደረጃው ምክንያት ማበላለጥን ይከለክላል። ክልከላው ምዝገባን፣ ቅበላን፣ ማባረርን፣ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የተለየ ክፍል መክፈትን ሁሉ በስም ይጠራል። ጥሰቱም የወንጀል ቅጣት አለው። የ2007ቱም የ2009ኙም ነገር በዚህ አንቀጽ ፊደል ውስጥ የተቀመጠ ያህል ነው።

አሁን ወደ አስተዳደሩ እንመለስ። ተማሪ የመቀበልና ያለመቀበል ፖሊሲ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ብቻውን የሚወስነው ነገር አይደለም፤ የባለቤቱን አካል አመራር የሚመለከት ነው። እስቲ በሐሳባችን አንድ ቫዓድ እንሰብስብ። ጥሪው ከ10 ቀን በፊት ደርሷል። ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል። አጀንዳው ተጽፏል። «እነዚህን ልጆች አንቀበልም» የሚል ሐሳብ ቀርቦ በሙሉ ድምፅ አልፏል። ሰብሳቢው ፈርሟል፣ ጸሐፊው ፈርሟል። ሒሳቡም ንጹሕ ነው፤ ሮኤ ሄሽቦኑ መርምሮ ፈርሞበታል። ይህ አሙታ ሰነዱን ለመዝጋቢው ቢያቀርብ ምን ይጎድለዋል? ከወረቀቱ አንፃር ምንም። ኒሁል ታኪን ነው። ውሳኔው ግን ሕገ ወጥ ነው።

ሂሴ እዚህ ላይ ነው። ኒሁል ታኪን የሚለው ሐሳብ «እንዴት ወሰናችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ምን ወሰናችሁ? በማን ላይ?» ብሎ አይጠይቅም። በ2009 በሩን የከፈተው የአስተዳደር ሕግ አይደለም። ጩኸት ነው፣ የበጀት ዛቻ ነው፣ የወላጆች አድማ ነው። ጩኸት ደግሞ በየዓመቱ አይገኝም። ከሁለት ዓመት በኋላ በ2011 በዚያችው ከተማ ተማሪዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም የኛ ልጆች በነበሩበት በኔር ኤጺዮን ትምህርት ቤት ጉዳይ ወላጆች እንደገና ለተቃውሞ ወጡ። በር የሚዘጋበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም፤ ሁሉንም በአንድ በር ማስገባትም መዝጋት ነው።

በዚያው በ2009፣ በኦገስት 6፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በኢማኑኤል ከተማ ስለነበረው የቤት ያዕቆብ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ፈረደ። እዚያ የተለዩት ከምሥራቅ አገሮች የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ነበሩ፤ የለያቸውም «ሐሲዳዊ መስመር» የሚል ስም ነበረው። ፍርድ ቤቱ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ራሱን የማስተዳደር መብት እንዳለው ተቀብሎ፣ ያ መብት ግን የማበላለጥ መሸፈኛ ሊሆን እንደማይችል ወሰነ። ክሱን ያቀረበው ኖዓር ካሃላካ የተባለ አሙታ መሆኑን ልብ በሉ። አሙታ በር ሲዘጋ ሌላ አሙታ ፍርድ ቤት ሄዶ ያስከፍታል። በኛም ማኅበረሰብ በ1993 የተቋቋመው የእስራኤል የኢትዮጵያ አይሁዶች ማኅበርና በ2000 የተቋቋመው «ጠበቃ» የሚሠሩት ሥራ ይኸው ነው። ነገር ግን ፍርድ ቤት የመጨረሻው በር ነው። የአስተዳደር ሕግ ትርጉም ሰው እዚያ ሳይደርስ በፊት ነገሩን መያዝ ነበር።

ባለብዙ ኮሚቴው ኩባንያ

«ይኼ የአሙታ ድክመት ነው፤ ኩባንያ ቢሆን ኖሮ ቁጥጥሩ ጠንካራ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፣ የ1999 የኩባንያዎች ሕግ አክሲዮኑ ለሕዝብ የሚሸጥን ኩባንያ በብዙ ገመድ ያስረዋል። ከውጭ የሚመጡ ቢያንስ ሁለት ዳይሬክተሮች፣ የቁጥጥር ኮሚቴ፣ የውስጥ ኦዲተር እንዲኖሩት ያዝዛል። ታዲያ ከፔታ ቲክቫ ሳንወጣ ቴቫን እንይ።

በዲሴምበር 2016 የዓለም ትልቁ የጄኔሪክ መድኃኒት አምራች የሆነው ቴቫ፣ ያኔ ዋና መሥሪያ ቤቱ በዚህች ከተማ የነበረው፣ በሩሲያ፣ በዩክሬንና በሜክሲኮ ከተከፈለ ጉቦ ጋር በተያያዘ ለአሜሪካ ባለሥልጣናት 519 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2018 መጀመሪያ ደግሞ በእስራኤል ውስጥ 75 ሚሊዮን ሸቀል ለመክፈል ተስማማ። ለኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን የገንዘቡ ብዛት አይደለም። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ባወጣው መግለጫ መሠረት፣ በ2009 የኩባንያውን የፀረ ሙስና ደንብ እንዲያዘጋጁ ኃላፊነት የተሰጣቸው ሰዎች ጉቦው በበርካታ አገሮች እንዳለ ያውቁ ነበር። በቂ እንዳልሆነ የሚያውቁትን ደንብ አጸደቁ፤ ደንቡን ለማስፈጸም የማይችሉ ወይም የማይፈልጉ ሰዎችንም ሆን ብለው ቦታው ላይ አስቀመጡ።

ልብ በሉ፣ ደንብ አልነበረም አልተባለም። ደንብ ነበረ። ኃላፊ አልነበረም አልተባለም። ኃላፊ ነበረ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችን የሚያወራው ስለ አንድ ሌባ ሹም ነው። እዚህ ያለው ግን ከዚያ የረቀቀ ነው፦ ሹሙ እንዳያይ ተደርጎ ተሾመ።

ትምህርት ቤቱና ኩባንያው በመጠንም በሥራም አይገናኙም፤ አንዱ ሕጻናት ያስተምራል፣ ሌላው መድኃኒት ይሸጣል። የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ነው። በሁለቱም ሕጉ የተፈጸመ የሚመስልበት መንገድ ከሕጉ መፈጸም ተለይቶ ቆሟል። በኩባንያው ጉዳይ ግን አንድ ልዩነት አለ፦ ከስምምነቱ ጋር ለሦስት ዓመት ከውጭ የሚከታተል ነፃ ተቆጣጣሪ ተደርጎበታል። ለመቶ ሕጻናት ጉዳይ እንዲህ ያለ ተቆጣጣሪ ማን ጠየቀ?

እኛስ?

ሂስ ወደ ሌላው ብቻ ሲጠቁም ሂስ አይሆንም፤ ስለዚህ ወደ ራሳችን አሙታዎችም ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመሐል አገር ባለች አንዲት ከተማ የምትሠራ ትንሽ የማኅበረሰባችን አሙታ የቁጥጥር ኮሚቴ አባል እንድሆን ጠየቀችኝ። ስሟን አልጠራም። የማታ የትምህርት ድጋፍ ትሰጣለች፤ ሁሉም በነፃ ነው የሚሠሩት። አንድ ሐሙስ ማታ ገንዘብ ያዡ፣ በአባቴ ዕድሜ ያሉ የተከበሩ ሰው፣ የተዘጋጀ ፕሮቶኮል አምጥተው «ፈርሚ» አሉኝ። የጠቅላላ ጉባኤ ፕሮቶኮል ነው። «አባባ፣ ጉባኤው መቼ ተደረገ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ወረቀቱ እሑድ መግባት አለበት። እኛ እኮ አንሰርቅም። ይኼ ሁሉ ፊርማ ለምንድነው?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፣ አንዲት አጎራም አልጎደለችም ነበር፤ ደረሰኙን አንድ በአንድ አይቼዋለሁ። እኔም ጉባኤው ከተደረገ በኋላ እፈርማለሁ አልኩ። ቅር ቢላቸውም የማራዘሚያ ጥያቄ ገባ፣ ጥሪ ወጣ፣ በምኩራቡ አዳራሽ አሥራ ዘጠኝ ሰው መጣ። ስለ ገንዘቡ ማንም አልጠየቀም። አንዲት እናት ግን ተነሥታ «እናንተ የምታስተምሩት ከመንገዱ ወዲህ ያሉትን ልጆች ነው፤ ከመንገዱ ወዲያ ያሉት የማን ናቸው?» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። በአምስት ዓመት ወረቀት ውስጥ ያልታየው ጥያቄ በአንድ እውነተኛ ስብሰባ ወጣ። አሙታዋም በሚቀጥለው ወር ሁለተኛ የማስተማሪያ ቦታ መፈለግ ጀመረች። ጠቅላላ ጉባኤ ማለት ለኔ ይኼ ነው።

እኛ ለዚህ እንግዶች አይደለንም። እድር ያለው ሕዝብ አስተዳደር አያውቅም ማለት ነውር ነው። እድር ውስጥ ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፤ የቀረ ይቀጣል፣ መዋጮ ያላመጣ ይጠየቃል። ከሁሉም በላይ በእድር ውስጥ አባልና ተጠቃሚ አንድ ሰው ነው። ዛሬ የሚወስነው ነገ ድንኳኑ የሚተከልለት እሱ ራሱ ነው። የአሙታ ሕግ ያጣው ነገር ይኸው ነው።

ነገር ግን እድርንም አናሞካሸው። በእድር ውስጥ ይሉኝታ አለ። ሽማግሌን «ሒሳቡን አሳዩኝ» ማለት እንደ ስድብ ይቆጠራል። ወጣቱ ያፍራል፣ ሴቶች ከኋላ ይቀመጣሉ፣ የተነገረው በቃል ይቀራል። ይህንን ይዘን ወደ አሙታ ስንገባ የሁለቱንም ድክመት እንሰበስባለን፦ ከአሙታ ወረቀቱን፣ ከእድር ዝምታውን። የቁጥጥር ኮሚቴ አባል የሚሆነው የሰብሳቢው የአክስት ልጅ ይሆናል፤ ሕጉ ይህን ሰው በቫዓድ እንዳይቀመጥ ይከለክላል እንጂ ዘመድነቱን አይፈትሽም። ቀድሞ ነገር፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ድሩ የተለያየ ክር ሲሆን ነው።

ሌላም ፍትሕ የሚጎድለው ነገር አለ። የወረቀቱ ሸክም ለሁሉም እኩል አይከብድም። ትልቅ አሙታ ጠበቃና የሒሳብ አዋቂ ቀጥሮ ቅጹን ያስሞላል። በዮሴፍታል ወይም በዓሚሻቭ ሰፈር በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ማኅበር ግን በዕብራይስጥ የሕግ ቋንቋ የተጻፈውን ደብዳቤ ለማንበብ የልጁን ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ይጠብቃል። ቀኑ ያልፋል፣ ማረጋገጫው ይቀራል፣ ድጎማው ይቆማል። ስለዚህ ወንፊቱ የሚያስቀረው ዘግይቶ የፈረመውን እንጂ በር የዘጋውን አይደለም።

ሁለት ተቃውሞዎች

በዚህ ሐሳቤ ላይ ሁለት ከባድ ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ላልፋቸው አልፈልግም።

የመጀመሪያው፦ «መዝጋቢው የመዝገብ ቤት ነው። ማበላለጥን የሚከታተለው የትምህርት ሚኒስቴርና ፍርድ ቤት ነው። ሁሉም የየራሱን ይሥራ» የሚል ነው። የሥራ ክፍፍል መኖሩ ትክክል ነው። ግን ሕጉ ራሱ መዝጋቢውን ዝም ብሎ የመዝገብ ቤት አላደረገውም፤ መርማሪ ሾሞ የአንድን አሙታ አካሄድ፣ ሥራው ከዓላማው ጋር መስማማቱን ጭምር፣ ማስመርመር ይችላል። ደግሞም በ2016 የፓልሞር ኮሚቴ በኢትዮጵያ እስራኤላውያን ላይ ስለሚደርሰው ዘረኝነት ሪፖርቱን ካቀረበ በኋላ የፀረ ዘረኝነት ክፍል የተቋቋመው በዚሁ በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ነው። መዝጋቢውና ይህ ክፍል በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው አንዱ የሚያውቀውን ሌላው የማይጠይቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። «መንግሥት የማኅበራትን ሥራ ይመርምር ማለት ለመንግሥት ዱላ ማቀበል ነው» የሚል ነው። ይህን ስንሰማ እኛ ከየት እንደመጣን ማስታወስ ይበቃል። በዚያው በ2009፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2001፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥም አዘዘ። «ሥርዓት ማስያዝ» ተብሎ የመጣው ሕግ ብዙ የመብት ማኅበራትን አዳከመ፤ እስኪሻሻል አሥር ዓመት ፈጀ፣ በ2019 አዋጅ ቁጥር 1113 ተካው። ስለዚህ መዝጋቢው የአሙታን ሐሳብ እንዲመዝን ሥልጣን መስጠት አልፈልግም። የምፈልገው ከዚያ ያነሰ ነው፦ አስቀድሞ በሕግ የተከለከለው ነገር በአሙታው ውስጥ ሲደረግ ወረቀቱ ላይ እንዲታይ።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ በየዓመቱ በሚቀርበው የጽሑፍ ሪፖርት ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመር፦ «አገልግሎት ተከለከልን የሚል ስንት ቅሬታ ደረሳችሁ? ማን አየው? ምን መልስ ተሰጠ?» ይህ አስተያየት አይጠይቅም፣ የሆነውን ነው የሚጠይቅ። ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ጋዜጠኛም ወላጅም ያየዋል። በሐሰት መመለስ ደግሞ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

ሁለተኛ፣ ከመንግሥት በጀት የሚያገኝ አሙታ ተጠቃሚዎቹን በአባልነት የሚቀበልበት በር በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ይክፈት፤ ከነሱም ቢያንስ አንዱ በቁጥጥር ኮሚቴው ይቀመጥ። ለዚህ የክኔሴት ሕግ አያስፈልግም። የራሳችን አሙታዎች በሚቀጥለው ጉባኤያቸው ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ከሌሎች ከመጠየቃችን በፊት እኛ ብንጀምረው ደስ ይለኛል።

ሦስተኛ፣ ማን በቫዓድ እንደሚቀመጥ ሕጉ መጠየቅ ያውቅበታል። በ2011 የወጣው ሕግ በመንግሥታዊው አገልግሎት ለኢትዮጵያ ተወላጆች ተገቢ ውክልና እንዲኖር ያዝዛል። የኩባንያዎች ሕግም የሕዝብ ኩባንያ ዳይሬክተሮች ሁሉ የአንድ ጾታ ከሆኑ ከውጭ የሚሾመው ከሌላው ጾታ እንዲሆን ይጠይቃል። በሕዝብ ገንዘብ ትምህርት ቤት የሚያስተዳድር አካል ከዚህ ጥያቄ ነፃ የሚሆነው ለምንድነው?

አራተኛ፣ ናሙናው ደንብና የዓመቱ ሪፖርት ቅጽ በቀላል አማርኛ በየማትናሱ ይገኝ። ሽማግሌዎቻችን የማያውቁትን ወረቀት እየፈረሙ «አንሰርቅም» ብቻ እንዳይሉ፤ አንብበው፣ ገብቷቸው፣ ጠይቀው ይፈርሙ።

እንግዲህ ይህን የሚያነብ የአሙታ ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዥ ወይም የቁጥጥር አባል ካለ አንድ ልጠይቀው። የባለፈው ዓመት ፕሮቶኮላችሁን አውጡና እዩት። ፊርማውና ቀኑ ትክክል እንደሚሆን እገምታለሁ። ከዚያ በኋላ ግን በዚያ ዓመት ወደናንተ መጥቶ ሳይገባ የተመለሰ ሰው በዚያ ወረቀት ላይ የት ቦታ እንደተጻፈ ፈልጉ። ቦታ ከሌለው፣ የሚቀጥለው ጉባኤያችሁ የመጀመሪያ አጀንዳ ይኸው ይሁን።